የግራ ክንድ ነገር

አንድ የሥነ ጥበብ ተማሪ ለምረቃ ሥራው ባዶ ክፍል ተሰጥቶት፣ ፊደል የሰፈረባቸውን ብራናዎች ከጣሪያው በሲባጎ ሰቅሎ፣ በአንዱ ጥግ ጣቢያው በቅጡ ያልተያዘ ሬዲዮ እያንሾካሾከ፣ ወለሉ ላይ አሮጌ ጋዜጣ አንጥፎ «ግቡና እዩ» ቢለን፣ አብዛኞቻችን ገና ከደጃፉ ላይ «ሥዕሉ የታለ?» ማለታችን አይቀርም። እንዲህ ያለውን ሥራ የሙያው ሰዎች ኢንስታሌሽን ይሉታል። ሥዕሉ ከግድግዳው፣ ቅርጹ ከመቆሚያው ወርዶ ክፍሉ በሙሉ ሥራው ይሆናል። ተመልካቹም ውስጡ ገብቶ ይመላለሳል እንጂ ዳር ቆሞ አያይም። እንዲህ የሚሠሩ ወጣቶች ደጋግመው ከሚያነሷቸው ጉዳዮች አንዱ ቋንቋ ነው፤ ሰው ከሰው እንዴት ይግባባል፣ ሳይግባባ የሚቀረውስ ለምንድን ነው የሚለው።

በዓለም ላይ ስሙ የገነነው የዚህ ዓይነት ሥራ የተማሪ ሥራ ነው ቢባል ያስገርም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1965 ጆሴፍ ኮሱት የተባለ የሃያ ዓመት አሜሪካዊ ወጣት፣ በኒው ዮርክ ሥነ ጥበብ ይማር በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ተራ የእንጨት ወንበር አስቀመጠ። ከጎኑ የዚያኑ ወንበር ፎቶግራፍ ሰቀለ። በሌላው ጎን ደግሞ «ወንበር» የሚለውን ቃል ከመዝገበ ቃላት ከነፍቺው አስፍቶ ለጠፈ። ከሦስቱ ወንበሩ የቱ ነው? ዕቃው ነው፣ ምስሉ ነው ወይስ ቃሉ? ኮሱት መልስ አልሰጠም። ጥያቄው ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ አንኳኩቷል።

በእኛም ከተማ እንዲህ ያለ ነገር በታየ ቁጥር «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለእኛ ሥዕል ሥዕል ነው፤ ጽሑፍም ጽሑፍ ነው» የሚል ሙግት ሲነሣ ሰምቻለሁ። የሚገርመኝ ይህን የሚሉት ሰዎች ስለ አገር ባህል ተቆርቋሪ ነን ባዮች መሆናቸው ነው። እኔ የቦረና ልጅ ነኝ። ቦረና ስል የወሎውን፣ መካነ ሰላም ዋና ከተማው የሆነውን ማለቴ ነው። ከዚያ አገር ተነሥቼ ነገሩን ስመለከተው፣ ሥዕል ይነበባል ወይ፣ ከተነበበስ አንባቢው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በእኛው ደጋ ላይ ሰውን አንገት ለአንገት ሊያያይዝ ደርሶ እንደነበር አገኛለሁ። እስቲ እሱን ላጫውታችሁ። ዘመኑን የምጠቅሰው በአብዛኛው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በእኛው ስቆጥር ዓ.ም እላለሁ።

ከደሴ ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዙ፣ የለጋምቦን ብርድ ተሻግረው መካነ ሰላም ይገባሉ። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ይሰበርና ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። በስተሰሜን ሳይንት አለ፤ በመካከሉም ጉም የማይለየው ደንቆሮ ጫካ። (ስሙ ራሱ ስለ መስማትና ስላለመስማት የሚናገር ጫካ ስላለን ስለ ቋንቋ ብንጨነቅ አይፈረድብንም።) ዛሬ ቦረና፣ ሳይንት፣ ለጋምቦ፣ ከላላ፣ ወረኢሉ የምንለው ይህ ደጋ በመካከለኛው ዘመን ቤተ አምሐራ ይባል የነበረው አገር ነው። ነገሥታቱ ድንኳናቸውን ተሸክመው ከቦታ ቦታ በሚዞሩበት በዚያ ዘመን፣ የማይነቃነቅ ነገር ሲያሻቸው ቤተ ክርስቲያናቸውን የሚተክሉት፣ ዐፅማቸውም እንዲያርፍ የሚመኙት እዚህ ነበር። መካነ ሥላሴ እዚህ ነበረች። ተድባበ ማርያም ዛሬም ሳይንት ላይ ቆማ ትታያለች። አትሮንሰ ማርያምም የነበረችው ከዓባይ ወዲህ ባለው በዚሁ ደጋ ነው።

አትሮንስ ማለት ዙፋን ነው። በቤተ ክህነት አነጋገር ደግሞ መጽሐፍ ተዘርግቶ የሚነበብበት መቆሚያም ነው፤ አትሮኖስ እንደምንለው። ታሪኳን ላወቀ ሰው ስሙ የተመረጠላት ይመስላል። አትሮንሰ ማርያምን ያሠራት እ.ኤ.አ. ከ1468 እስከ 1478 የነገሠው ዐፄ በእደ ማርያም ነው፤ የቀደሙትን ነገሥታት ዐፅም አፍልሶ ያሰበሰበውም ወደ እርሷ ነው። አባቱ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የእመቤታችንን በዓላት ሠላሳ ሦስት አድርሶ፣ ለሥዕሏ ክብር ይሰጥ ብሎ ያዘዘ ንጉሥ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ከእርሱ በኋላ የማርያም ሥዕል በግድግዳ ላይ የሚታይ ጌጥ መሆኑ ቀርቷል። በፊቱ ይሰገዳል፤ በፊቱ ይለመናል። እንዲህ ላለ ሥዕል አንዲት መሥመር መዛነፍ ትልቅ ነገር ናት።

ታሪኩን የጻፈልን ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ1770 ዓመት ግድም ጎንደር ተቀምጦ የሰማውንና ከዜና መዋዕል የቃረመውን በ1790 አሳተመ። እንደ እርሱ አተራረክ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ በአትሮንሰ ማርያም የእመቤታችንን ሥዕል ሣለ። በአገሩ በጣልያን ልማድ መሠረትም ሕፃኑን በግራ ክንዷ አሳቀፋት። ሕዝቡ ባየው ጊዜ ተቆጣ። ጌታን በግራ ማስያዝ ማዋረድ ነው፤ ሥዕሉ ይውደም አለ። ንጉሡ ግን ሠዓሊውን ይወደው ነበርና እምቢ አለ፤ ሥዕሉም በቦታው ቀረ።

ሰውየው የብሩስ ፈጠራ አይደለም። ኒኮሎ ብራንካሊዮን በሕይወት ሳለ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አግኝቶታል። አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን ቆይቶ የጻፈው መጽሐፍ በ1540 ሊዝበን ታትሟል። የአገሩ ሰው ሠዓሊውን መርቆሬዎስ ብሎ እንደሚጠራው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ እንደኖረ፣ የተከበረ ጨዋ ሰው እንደሆነም ይመሰክርለታል። ቄሱ ምስጋናውን ሲሰጥ ሠዓሊነቱን እንደ ትንሽ ነውር ቆጥሮ ይቅርታ የሚያደርግለት ዓይነት አነጋገር ይጠቀማል። ሥዕልን ዝቅ አድርጎ ማየት የእኛ አገር ጠባይ ብቻ እንዳልነበረ ልብ ይሏል። ታዲያ የአልቫሬዝን ቁጥር ከያዝን መርቆሬዎስ ወደ አገራችን የመጣው ዐፄ በእደ ማርያም ካረፈ በኋላ ሳይሆን አይቀርም። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የጻፈው ብሩስ ንጉሡን ከንጉሥ ቢያምታታ አልፈርድበትም። በእስክንድር ዘመን ወይም ከዚያ ወዲህ የሆነ ነገር ሊሆን ይችላል። ለእኔ የሚበልጥብኝ ጉዳይ ግን የንጉሡ ስም ሳይሆን የሕዝቡ ቁጣ ነው።

ስለዚህ ቁጣ ብዙ የውጭ ጸሐፍት ጽፈዋል፤ አብዛኞቹ ፈገግ እያሉ። ምስኪን ባላገር የሰለጠነ ሥዕል አይቶ የማይረባ ነገር ላይ ተንጠለጠለ ዓይነት ነው አተራረካቸው። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። የተቆጡት ሰዎች ማንበብ የማይችሉ አልነበሩም። እንዲያውም ያነበቡት እነርሱ ብቻ ናቸው።

በአማርኛ ሰው ነገሩ ሲጠፋው ምን ይላል? «ግራ ገባኝ» ይላል። ሁለት ሰዎች ሳይግባቡ ሲቀሩ «ግራ ተጋቡ» እንላለን። አለመግባባትን የምንጠራበት ቃል ራሱ ከግራ እጅ የወጣ ነው። ምግብ በቀኝ ይቆረሳል፤ ለሰው ዕቃ በቀኝ ይሰጣል፤ ለታላቅ ሲሆን ግራው ቀኙን ደግፎ ነው። በጦር ሰፈር ቀኛዝማች ከግራዝማች ይበልጣል። በቤተ መንግሥት ቀኝ ቢትወደድና ግራ ቢትወደድ ነበሩ፤ ማን ከማን እንደሚቀድም ለመጠየቅ የሚደፍር አልነበረም። በዳዊት መዝሙር ንግሥቲቱ የምትቆመው ከንጉሡ በስተቀኝ ነው። በማቴዎስ ወንጌል በመጨረሻው ቀን በጎቹ በቀኝ፣ ፍየሎቹ በግራ ይቆማሉ። ይህን ሁሉ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሰው፣ ፈጣሪው በግራ ታቅፎ ሲያይ የሚያነበው ዐረፍተ ነገር ግልጽ ነው። ሠዓሊው ያንን ዐረፍተ ነገር ሊጽፍ አላሰበም። ቀኝ እጁን ነጻ አድርጎ ለበረከት ወይም ለማመልከት ማዘጋጀቱ ይሆናል፤ በአገሩ ልማዱ ነው። ነገር ግን ያሰበውና የተነበበው ተለያየ። ኮሱት ከወንበሩ፣ ከፎቶው፣ ከቃሉ መካከል ያሳየው ክፍተት አትሮንሰ ማርያም ላይ ቁጣ ሆኖ ወጥቶ ነበር።

የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሰዋስው ያለው ነገር መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጻድቁ ፊቱን ወደኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። አይሁዱ፣ ወታደሩ፣ ሰይጣኑ በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ከቅኔ ማኅሌቱ ቆማ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ትነግርሃለች፤ ያላወቀቻትን ቅድስት እንኳ ከዓይኗ ቁጥር ወገኗን ትለያለች። እንዲህ ያለ ተመልካች ፊት ነው የቬኒሱ ሰው ግራ ክንድ የሣለው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚደንቀውን ልንገራችሁ። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ሮም ከምትገኘው ከሳንታ ማርያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ሥዕል ቅጂ ይዘው መጡ። በዚያ ሥዕል ሕፃኑ የታቀፈው በግራ ክንዷ ነው፤ ቀኝ እጇ በላዩ ተሻግሮ ሁለት ጣት ዘርግታለች። ሚስዮናውያኑ በ1630ዎቹ ተባረሩ። ሃይማኖታቸው ተወገዘ፤ ስማቸውን የጠራም ተረገመ። ሥዕሉ ግን ቀረ። ቀርቶም የጎንደር ሠዓልያን ዓይነተኛ የማርያም ሥዕል ሆነ። ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየቤቱ፣ በየታክሲው መስታወት ላይ የምናያት እመቤታችን በአብዛኛው በግራ ክንዷ ያቀፈች ናት። በቦረና በኩል አልፎ ማንም ሰው «ይህ ስድብ ነው» ሲል አልሰማሁም። መሥመሩ ያው መሥመር፣ ክንዱም ያው ክንድ ነው። የተለወጠው አንባቢው ነው። ዓይኑ ለምዶ፣ ጸሎቱን በዚያ ሥዕል ፊት አድርሶ፣ የታመመ ልጁ በዚያ ሥዕል ፊት ድኖለት፣ ግራው ክንድ ከልብ በኩል ያለ ክንድ ሆነ። ቋንቋ የሚለወጠውም እንዲሁ ይመስለኛል፤ ሰዋስው አዋቂው ሳይፈቅድ።

የአትሮንሰ ማርያም ሰዎች ይህን ሳያዩ ነው ያለፉት። እ.ኤ.አ. በ1531 የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ቤተ አምሐራ ገባ። ዐፄ ናዖድ የጀመራት፣ ልጁ ልብነ ድንግል ያስመረቃት፣ ግድግዳዋ በወርቅ የተለበጠች የነበረችው መካነ ሥላሴ በዚያ ዓመት ተቃጠለች፤ አትሮንሰ ማርያምም ከዚያ እሳት አላመለጠችም። የዘመቻውን ታሪክ በዐረብኛ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ ስለ መካነ ሥላሴ ሲያወራ፣ ድል አድራጊዎቹ ራሳቸው ገብተው ባዩት ነገር እንደተደመሙ አልሸሸገም። ስለዚህ ጦርነት ብዙ ተብሏልና አልደግመውም። ከደጋው የወጣው ቅርስ በእሳት ብቻ እንዳላለቀ ግን መጥቀስ አለብኝ። ከዚሁ ደጋ በስተሰሜን ካለችው ከመቅደላ በሚያዝያ 1868 እንግሊዞች ካጋዙት ብራና ውስጥ 350 ያህሉ ዛሬም ለንደን ተቀምጧል።

መጻሕፍቱ ቢሄዱም ቃልን ከዕቃ ጋር አጣምሮ የሚኖር ልማድ ግን አልሄደም። ኢንስታሌሽን የፈረንጅ ነው ለሚለኝ ሰው የማነሣው ሁለተኛው ነገር ክታብ ነው። ደብተራው ለታመመው ሰው ብራናውን ሲያዘጋጅ በቁመቱ ልክ ቆርጦ ይሰፋዋል። ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው ነው፤ ጽሑፉ ሰውየውን ያህላል። በመካከሉ ጠልሰም ይሣላል፤ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ በውስጡ ፊት፣ በየማዕዘኑ ዓይን። ጸሎቱ ግእዝ ነው። አስማቱ ግን የማንም ቋንቋ አይደለም፤ ደብተራውም አይተረጉመውም፤ ቢተረጎም ኃይሉ ያልቅ ነበርና። የባለቤቱ ስም በየጸሎቱ መጨረሻ ይገባል። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ያ ስም ይፋቅና አዲሱ ይጻፋል፤ ፍቆ የተጻፈበት ስንት ብራና አለ! ከዚያ ተጠቅልሎ በቆዳ ይለበጥና አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ከዚያ በኋላ አይነበብም። የተጻፈው ለሰው ዓይን አይደለማ። ሊያነበው የሚገባው ጋኔኑ ነው፤ አንብቦ ሊሸሽ።

ሦስተኛው ነገር ከእስላም ጎረቤቶቻችን ነው። በእኛ አካባቢ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ የሚተያዩ ናቸው፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖት መኖሩ ለወሎ ሰው ዜና አይሆንም። ልጅ ሆኜ እኔ የኔታ ዘንድ ፊደል ስቆጥር ጓደኛዬ ሸሁ ዘንድ ይሄድ ነበር። እኔ የያዝኩት ፊደል ገበታ ተለጥፎ የሚኖር ነበር፤ የሱ ግን ሉሕ ነው፣ የእንጨት ገበታ። ሸሁ በጥላሸት ቀለም ይጽፉለታል፤ እሱ ያጠናል፤ በቃሉ ሲይዝ ይታጠብና ሌላ ይጻፋል። ወንዝ ዳር ተቀምጦ ሉሑን ሲያጥብ ውኃው እየጠቆረ ሲሄድ አይቼ «ትምህርትህን ጎጃም ላክኸው» ብዬው ነበር፤ ውኃው ወደ ዓባይ ነዋ የሚወርደው። እሱ ግን ኮራ ብሎ ግንባሩን በጣቱ መታ፤ እዚህ ገብቷል ማለቱ ነበር። አንዳንዴ ያ እጣቢ ለበሽተኛ ይሰጣል፤ ቃሉ ይጠጣል። ቃል ሲታጠብ፣ ሲጠጣ፣ ሲለበስ አይቶ ያደገ ልጅ ኤግዚቢሽን ገብቶ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ፊደል ቢያይ ምን ይደንቀዋል?

በዚያው በወሎ ኡለማው የአማርኛ መንዙማ በዐረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር። አጀም ይባላል። ሼህ ጦልሃ ጀዕፈር በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በሃያኛው መጀመሪያ በዚህ ከገነኑት አንዱ ናቸው። በ1878 የቦሩ ሜዳ ጉባኤ የወሎን እስላም ተጠመቅ ባለበት ዘመን፣ በአገሩ ቋንቋ ለአገሩ ሰው የተናገሩት በሌላ ፊደል ነው። አንብቡልኝ ብላችሁ ለቄሱ ብትሰጡት ፊደሉን አያውቀውም። ጮክ ብሎ ሲነበብለት ግን ቃሉን ይሰማዋል፤ የራሱ አማርኛ ነዋ። አንድ ቋንቋ በሁለት ልብስ ሲመጣ ጎረቤት ለጎረቤት በዓይን እንግዳ፣ በጆሮ ዘመድ ይሆናል። አንድ ተማሪ ስለ መግባባት ሥራ ልሥራ ቢለኝ ከዚህ የተሻለ ርእስ አልመርጥለትም።

ዘመናዊው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤታችን በ1950 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሲከፈት ይህ ሁሉ ከደጅ አልቀረም። መሥራቹ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ቢማርም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ቤተሰብ የወጣ ነው፤ ትምህርት ቤቱም ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሠዓሊውና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ የቁም ጸሐፊ ልጅ ነው፤ አባቱ አለቃ ደስታ ሐረር ላይ ብራና ሲጽፉ እያየ ያደገ። ገብረ ክርስቶስ ግን ፊደልን በሸራው ላይ አላጎረፈም፤ ግጥሙን በግጥም፣ ቀለሙን በቀለም ለያይቶ ሠራ። ጠልሰሙንና ጥቅልሉን ብራና ወደ ዘመናዊው ሥዕል ያስገባው በተለይ እስክንድር ቦጎሲያን ነው። ከፓሪስ በ1966 ተመልሶ እስከ 1969 በትምህርት ቤቱ አስተማረ። ኋላም በዋሺንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ቆይቶ በ2003 አረፈ። በ1950 አዲስ አበባ የተወለደው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ደግሞ በ1972 ከዚህ፣ በ1980 ከሃዋርድ ተመርቆ፣ ዕድሜ ልኩን የሠራው ፊደልን ነው። ይሰብረዋል፣ ያጎብጠዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ያስጨፍረዋል። አማርኛ አንባቢ ፊቱ ቆሞ «ይቺ ‹ለ› ናት፣ ያ ደግሞ የ‹ጠ› እግር ነው» ማለት ይጀምራል፤ ቃል ሊሠራ ሲል ግን ያመልጠዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከወሰኔ በኋላ ፊደልን በሸራ ላይ መርጨት ፋሽን ሆኗል። ለሆቴል ግድግዳ፣ ለስጦታ ዕቃ፣ ለካናቴራ ፊደል ይበተናል። ገዢው ማንበብ የማይችል እንግዳ ስለሆነ የተጻፈው ምንም ቢሆን ግድ የለውም። ፊደል ያላነበበው ሰው ፊት ጌጥ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ መጥፎ ነው ለማለት የሚያበቃኝ ፊደሉ ቃል አለመሥራቱ አይደለም፤ የደብተራው አስማትም ቃል አይሠራም። ልዩነቱ ደብተራው ማን እንዲያነብለት እንደሚፈልግ ማወቁ ነው። ቻይናዊው ሹ ቢንግ በ1988 ቤጂንግ ላይ ባሳየው ሥራ 4,000 ያህል ፊደላት ራሱ ፈልስፎ፣ በእንጨት በእጁ ቀርጾ፣ መጽሐፍ አትሞ፣ ረጃጅም ወረቀት ከጣሪያ ዘርግቷል። አንዱም ፊደል አይነበብም። ጥቃቱ የተነጣጠረው ግን ማንበብ በሚችሉት ላይ ነበር። ቻይንኛ የማያውቅ ሰው «ያምራል» ብሎ ያልፋል፤ ቻይንኛ የሚያውቀው ግን አንድ የሚነበብ ፊደል ፍለጋ ሲባዝን ይውላል፤ ግራ ይገባዋል። ሹ ቢንግ ያንን ሥራ ለአገሩ ሰው ነው የሠራው።

ከእኛዎቹ መካከል ይህን የተረዱ አሉ። ኤልያስ ስሜ በ1990 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ የወጣ ነው። «ታይትሮፕ» ብሎ በሰየማቸው ሥራዎቹ ከመርካቶ የለቀማቸውን የኮምፒውተርና የስልክ ውስጠኛ አካላት፣ የተጎነጎነ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ እንደ ጥልፍ አድርጎ ያቀርባል። አንድ ጊዜ መልእክት ያመላለሰ ሽቦ አሁን ዝም ብሎ ተኝቷል። ሮቤል ተመስገን ደግሞ በ1987 ደሴ የተወለደ የወሎ ልጅ ነው። በ2010 ከአለ ትምህርት ቤት፣ በ2015 ከኖርዌይ ትሮምሶ ተመርቋል። «አድባር» በሚለው ተከታታይ ሥራው በዛፍና በቦታ ያደረውን መንፈስ ሣለ፤ በሌላው ሥራው ሙሉ ጋዜጣ ከነርእሱ፣ ከነዐምዱ በእጁ ጻፈ። ማተሚያ ቤት ያልገባ፣ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ጋዜጣ! ጋዜጣ በገፍ ሲታተም፣ ሲዘጋ፣ ሲከሰስ፣ የስኳር መጠቅለያ ሲሆን አይቶ ያረጀ እንደ እኔ ያለ ሰው፣ ቁም ጸሐፊ በብራና ላይ እንደሚያደርገው ጋዜጣ በእጅ ተጽፎ ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም። አማርኛ የማያውቅ ሰው መልኩን ብቻ ያያል፤ እኛ ግን ማንበብ እንጀምራለን። ሥራው ሁለት ዓይነት ተመልካች እንዳለው ያውቃል።

ምኞቴ አንድ ነው። ስለ ቋንቋ የሚሠራ ተማሪ ሥራውን ለምረቃ ካሳየ በኋላ፣ ጠቅልሎ መኪና ላይ ጭኖ መካነ ሰላም ገበያ ቀን ይዘርጋው። ደብተራው ይምጣ፣ ሸሁ ይምጡ፣ ፊደል ያልቆጠረችዋ አሮጊት ትምጣ። አዲስ አበባ ላይ የምንመላለሰው እርስ በርሳችን ጨዋ ተመልካቾች ነን፤ ያልገባንን «ደስ ይላል» እንላለን። እዚያ ግን ግራ ክንድ ካለበት ይነግሩታል፤ አጥብቀውም ይቆጡታል።

መርቆሬዎስ ስላጋጠመው ቁጣ ምን እንዳለ የጻፈልን የለም። አገሩን ጥሎ አልሄደም፤ መሣሉንም አልተወም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዳያና ስፔንሰር የተባለች ተመራማሪ (ከልዕልቷ ጋር ስም ከመጋራት በቀር አይገናኙም) የቆዩ የማርያም ሥዕሎች ፍለጋ ከዓባይ ማዶ ጎጃምን ስታስስ፣ ዋፋ ኢየሱስ በሚባል ቤተ ክርስቲያን የእርሱን ሥራ አገኘች። ሥዕሉ ላይ ሠዓሊው ስሙን በላቲን ፊደል ፈርሞበታል፤ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የቬኒሱ። ካህናቱ ሥዕሉን ሲያጥኑት፣ ምእመናኑ ሲሳለሙት፣ ያ ጽሑፍ አብሮ ሲታጠንና ሲሳለሙት አራት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ኖሯል። ከእነርሱ መካከል የላቲን ፊደል የሚያነብ ሰው ነበረ ለማለት ግን ያስቸግራል።